ዱካክ ሲጫናችሁ ለማን ነው የምትናገሩት?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስከፍተው አንዲት አጭር ጥያቄ ነበረች፤ አሁን ከ30 በላይ መልስ ሆኗል። አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ጫት ትቅማለህ ወይ እያለ ስላስቸገረኝ፣ እስካሁን የተባለውን በራሴ አነጋገር ቁጥር በቁጥር ላውራችሁ። ያጣመምኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

መነሻው እንዲህ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። ጥር ላይ ፈረቃዬ ከቀን ወደ ሌሊት ተቀየረ። በዚያው ወር ሦስት ጊዜ ዱካክ ተጫነኝ። የመጀመሪያው ከሥራ ገብቼ ጠዋት ላይ ነው። መጋረጃውን ዘግቼ በጀርባዬ ጋደም ብያለሁ። ዓይኔ ተገልጧል። ወንበሩ ላይ የወረወርኩት ጃኬት ይታየኛል። የቻርጀሩ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ይታየኛል። በሩ ሳይከፈት አንዲት ሴትዮ ገባች። ጥቁር ነጠላ ተከናንባለች። ቀስ ብላ መጣችና ደረቴ ላይ ቁጭ አለች። ልጮህ አልኩ፤ ድምፅ የለም። ጣቴን ላነሳ አልኩ፤ የሌላ ሰው ጣት ሆኗል። የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ልቅቅ አደረገችኝ። ስነሳ አንሶላው በላብ ርሷል።

ክሩን ያስከፈተኝ ግን ሴትዮዋ አይደለችም። ያንኑ አንድ ጠዋት ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት አድርጌ ማውራቴ ነው። ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ነጠላውን ሳይቀር። እሷም የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሴትዮዋን ፊት አይቼው እንደሆነ። አላየሁም አልኳት። ፊሊፒናዊት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ለእሷ የሆነ ነገር ደረቴን ተጫነኝ ብዬ ገና ሳልጨርስ ስሙን ነገረችኝ፤ ባንጉንጎት። እነሱ አገር ማታ ጥግብ ብሎ ከመተኛት ጋር ያያይዙታል። ሲይዝህ የእግርህን ጣት ለማንቀሳቀስ ሞክር ብላ መከረችኝ። ከሳምንት በኋላ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። ሐኪሙን ምን አልኩት? እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። በቃ። ሴትዮዋን ኮሪደሩ ላይ ትቻት ነው የገባሁት።

እና ጥያቄዬ፣ የሚደርስብን አንድ ሆኖ አወራራችን ለምን ይለያያል የሚል ነበር። እናንተስ ለማን ነው የምትናገሩት?

ቁጥር 1 ከድሬዳዋ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ እንደምን አላችሁ ብሎ ነው የጀመረው። እነሱ ዘንድ ዱካክ ማለት የጫት ነገር መሆኑን አስረዳ። ሰው ጫት ያቆመ እንደሆነ ወይም ሳይቅም ካደረ ሌሊት ይመጣበታል። አጎቱን አንድ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ገደል አፋፍ ላይ ቁልቁል ያንጠለጥለው ነበር አሉ። ደስ ያለኝ መጨረሻው ነው። እዚያ ሰፈር ዱካክ ያዘኝ ማለት አያሳፍርም፤ እንዲያውም የጠዋት ጨዋታ ነው። አንዱ ገደሉን ሲያወራ ሌላው የእኔ ጉድጓድ ነበር እያለ ይሳሳቃሉ።

ቁጥር 2 ሰላምታም የለው። ትቅማለህ ወይ ብቻ ነው። ቁጥር 3 እኔ ነኝ፤ ቅሜ አላውቅም፣ ቡና ግን አበዛለሁ ብዬ መለስኩ። ይህ ከተጻፈ በኋላም አምስት ሰው ጠይቆኛል።

ቁጥር 4 ጅማ የሕክምና ተማሪ ነው። ሳይንሱን ግልጥልጥ አድርጎ አስቀመጠው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻችንን ያስራል፤ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ ተነስተን እንዳንሮጥ። አንዳንዴ ግን አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፤ ገመዱ ገና አልተፈታም። ዓይን ክፍሉን ያያል፣ አካል አይታዘዝም፣ ሕልሙ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀጥላል። ደረት ላይ ክብደት የሚሰማው አየር እንደልብ መሳብ ስለማይቻል ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ፈረቃ መቀያየር፣ በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። የእኔ ሦስቱም አሉብኝ። በ2011 (እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንደዚያው) 35 ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ከ100 ሰው ወደ 8ቱ በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ እንደገጠመው፣ ከ100 ተማሪ ደግሞ 28ቱ እንደገጠመው መገኘቱን ጻፈ። እሱም ፈተና ሰሞን አይቀርለትም። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። በመጨረሻ ግን እንግዲህ መንፈስ የሚባል ነገር የለበትም የሚል መስመር ጨመረ። ይቺ መስመር ናት ያጋጋለችን።

ቁጥር 5 ከባሕር ዳር ናት፤ የአራት ልጆች እናት። ተማሪውን ልጄ ብላ ጀምራ ልክ ልኩን ነገረችው። መጽሐፉ የሚያስተምረው እንዴት እንደሚመጣ እንጂ ማን እንደሚመጣ አለመሆኑን አስታወሰችው። እሷ ልጅ ሆና በየሌሊቱ ይጫናት ነበር። ያቆመው ጠበልና የእናቷ ጸሎት ነው እንጂ የተኛችበት ጎን አይደለም። ለእኔም በስመ አብ ብዬ ሳላማትብ እንዳልተኛ ምክር ጣለችልኝ። ቁጣዋ ለተማሪው፣ ርኅራኄዋ ለእኔ።

ቁጥር 6 የደሴ ልጅ ናት። በለዘብታ ገባችና ሁለቱንም ወገን ያለዘበች መስሎኝ ነበር። እነሱ ቤት ጂን ነው የሚባለው። ሳይተኙ አያተል ኩርሲ የሚባለው የቁርኣን አንቀጽ ይቀራል። አያቷ ዘንድ በሌሊት ስሙ እንኳ አይጠራም፤ እነሱ ተብሎ ነው የሚታለፈው። ታዲያ ጠዋት ላይ፣ ቡና እየተቆላ፣ ሁሉም ያየውን ያወራል። የሌሊቱን በሌሊት ማውራት ነው ነውሩ። ይህ ሰዓት የሚባለው ነገር አስቤው የማላውቅ ነበር። እኔ ለእናቴ የደወልኩት ጠዋት መሆኑ ትዝ አለኝ፤ አገር ቤት ግን ያኔ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቁጥር 7 ኮፐንሃገን ነው። ዴንማርክንና ግብፅን ያወዳደረ፣ በ2013 የወጣ ጥናት አመጣ። ግብፃውያኑ ላይ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ይረዝማል፣ የሞት ፍርሃቱም የከፋ ነው። ብዙዎቹ ጂን ነው ይላሉ። ዴንማርኮቹ ደግሞ ድካም ነው፣ አንጎል ነው ብለው ያልፉታል። የእሱ ድምዳሜ፣ ፍርሃቱ ራሱ እንቅልፉን ይበጣጥሰዋል፣ የተበጣጠሰ እንቅልፍ ደግሞ መልሶ ዱካክ ይጠራል የሚል ነበር። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን አጻጻፉ ላይ የእናንተ እምነት ነው የሚያሳምማችሁ የሚል ቃና ነበረው። ቁጥር 5 ወዲያው ተመልሳ መጥታ ዴንማርክ ድረስ ሄዶ ጸሎት መርሳቱን ነገረችው። ይህን መልስ አልቆጠርኩትም፤ አስተናባሪው ሰርዞታል።

ቁጥር 8 ከዚህ ሁሉ ክር ለእኔ ቁጥር አንድ ነው። ሰውዬው ማን እንደሆነ አልጻፈም። ረጋ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ዴንማርኮቹ ያዩትን ሁሉ ለመናገራቸው ማን ዋስ ሆነ? እኔኑ ምሳሌ አደረገኝ። ሐኪሜ ጠረጴዛ ላይ ጥናት ቢካሄድ እኔ ምንም ያላየ፣ እንቅልፍ ብቻ ያጣ ሰው ሆኜ ነው የምቆጠረው። እናቴ ጓዳ ቢካሄድ ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ያየሁ ሆኜ እቆጠራለሁ። ሰው አንድ ነው፣ ጠዋቱ አንድ ነው። የተቆጠረው የታየው ሳይሆን የተወራው መሆኑን አስታውሶን ወጣ። ተመልሶም አልመጣ።

ቁጥር 9 ጃፓን የተማረ ነው፤ ለቁጥር 8 ማስረጃ ይዞለት መጣ። ጃፓኖች ይህን ነገር ካናሺባሪ ይሉታል፤ በብረት መታሰር እንደማለት። ቃሉን ያልሰማ ጃፓናዊ የለም ማለት ይቻላል። በ1993 የወጣ አንድ ጥናት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለዚሁ ነገር በተለያየ ቃል ተጠየቁ። ካናሺባሪ ይዟችሁ ያውቃል ወይ የተባሉት ከ100 ወደ 39ኙ አዎ አሉ። ለአፍታ መንቀሳቀስ አቅቷችሁ ያውቃል ወይ የተባሉት ጋ ቁጥሩ ወደ 26 ወረደ። ቃሉ ብቻ ነው የተቀየረው። እኔ ይህን ሳነብ የሐኪም ቤቱን ቅጽ አሰብኩ። የእንቅልፍ መዛባት የምትል ትንሽ ሳጥን ነበረችው። ምልክት አደረግሁባት። ዱካክ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቀኝ እኮ ቁጭ ብዬ ባወራሁት።

ቁጥር 10 ጣሊያን አብሩዞ ውስጥ አሮጊት የምትጦር እህታችን ናት። አንድ ሌሊት ተጭኗት ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ ስትንቀጠቀጥ አሮጊቷ ደረሱ። በተሰባበረ ጣሊያንኛ ነገረቻቸው። አሮጊቷ አልደነገጡም። ፓንዳፌኬ ናት ብለው ወደ ዕቃ ቤት ገቡ። መጥረጊያ አምጥተው መኝታ ቤቷ በር ላይ አቆሙላት። አልጋዋ አጠገብ ደግሞ በትንሽ ከረጢት አሸዋ አስቀመጡ። የምትመጣው አሮጊት ጠንቋይ የመጥረጊያውን ጭራና የአሸዋውን ፍሬ ሳትቆጥር ማለፍ አትችልም፤ ስትቆጥር ይነጋባታል። እህታችን ለሁለት ዓመት ስትጦራቸው ከሴትዮዋ ጋር የልብ ጨዋታ የጀመሩት ያን ቀን እንደሆነ ጻፈች። በስልክ ለባሏ ስትነግረው ግን ሥራው በዝቶብሽ ነው ብሎ ዘጋው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ሳተ። ቁጥር 11 መጥረጊያ ሳይሆን ትራስ ሥር ቢላዋ እንደሚሻል ተከራከረ። ቁጥር 12 ቢላዋ ትራስ ሥር አድርጎ የተኛ ዘመዱ ጣቱን መቁረጡን አወራ። ስለ ጤና አዳምም ተነሳ። ልለፈው።

ቁጥር 13 ከቶሮንቶ ነው፤ ኢንጂነር ነኝ ብሏል። ሰሌዳውን አሞቀው። ሰው ጨረቃን ከረገጠ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት እኛ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መንፈስ መወያየታችን አበሸቀው። ነጮቹ እንዲህ ያለ ተረት ትተው ነው የሠለጠኑት፣ ዱካክ የኋላቀር አገር በሽታ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። ከእያንዳንዱ አረፍተ ነገር ኋላ አራት አራት ቃለ አጋኖ ደርድሯል።

ቁጥር 14 ታሪክ ታስተምር ነበር መሰለኝ፤ ለቀቅ አላደረገችውም። አሜሪካ ውስጥ ሌሊት ከአልጋዬ ላይ ሆኜ መንቀሳቀስ አቅቶኝ፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ከበውኝ ወሰዱኝ የሚሉ ሰዎችን አስታወሰችው። በ2005 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እንዲህ ከሚሉ 10 ሰዎች ጋር ሠርተው፣ የታሪኩን መነሻ ከዚሁ ከእንቅልፍ እስር ጋር አገናኝተውታል። ድሮ አሮጊት ትመጣ ነበር፤ አሁን መንኮራኩር ይመጣል። ጨረቃ መውጣቱ የሚመጣውን እንግዳ ልብስ ቀየረው እንጂ እንግዳውን አላስቀረውም። ከዚያ ወደ 1692 ወሰደችን፤ ማሳቹሴትስ፣ ሴለም። ብሪጅት ቢሾፕ የምትባል ሴት በጥንቆላ ተከሳ ስትቀርብ አንድ ጎረቤቷ ቃል ሰጠ። ሌሊት ሆዴ ላይ ተቀምጣ አየኋት፣ ጉሮሮዬን አነቀችኝ፣ እጄን ማንሳት አቃተኝ፣ ሊነጋ እስኪቃረብ ያዘችኝ የሚል። ሰውዬው የገለጸው የእኔን ጠዋት ነው። ልዩነቱ እሱ ፊቷን አየ። ሴትዮዋን አቃጠሏት ብላ ጨረሰች።

ቁጥር 15 ለማረም ብቻ ገባ። ሴለም ላይ የተቃጠለ የለም። ብሪጅት ቢሾፕ ሰኔ 10 ቀን 1692 ተሰቀለች፤ ከተሰቀሉት 19 ሰዎች የመጀመሪያዋ ናት። ቁጥር 14 አመስግና አረመች። እንዲህ ያለ ጨዋነት በዚህ ክር ውስጥ ብርቅ ነው።

ቁጥር 16 ላይ ሁላችንም ዝም አልን። እስራኤል አገር ኔታንያ የምትኖር ቤተ እስራኤል ናት። አያቷ ጎንደር አካባቢ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እንስራ ይዘው ገበያ ሲያልፉ ሰው ምግቡን ይሸፍን ነበር። ቡዳ ናት ይባሉ ነበራ። አንድ ልጅ ሲታመም ጭስ ታጥኖ፣ ማን ነው የበላህ እየተባለ ይጠየቃል። ያ ልጅ ስም መጥራት አለበት። ስም እስኪጠራ አይለቁትም። አንድ ቀን የአያቷ ስም ተጠራ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጻፈችውም። በዚያ ዓመት መንደር መልቀቃቸውን ብቻ ጻፈች። ስለ ዱካክ እያወራን እየሳቅን መሆናችንን አንብባለች፤ አልተቀየመችንም። ግን ዱካክ ጎረቤት ስለሌለው መሳቁ እንደሚቀል አሳሰበችን። ጠያቂው ምን አየህ ሲል አንድ ነገር ነው፤ ማንን አየህ ሲል ሌላ ነው።

ቁጥር 17 ቡዳ እውነት ነው ብሎ ሊከራከር ገባ። ስድብም ነበረበት። ተሰርዟል። እኔም የጻፈውን እዚህ አልደግመውም።

ቁጥር 18 ጀርመን ያለ ወንድማችን ነው። አባቱ ደብረ ብርሃን ሞቱ። ከለቅሶው በኋላ ማታ ማታ የአባቱ ከዘራ የበረንዳውን ሲሚንቶ ሲመታ እናቱ ይሰማቸዋል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ በሩ ጋ ሲደርስ ዝም። ሊያጽናኑ ለመጡት ሁሉ አወሩት። የገረመው ሰው የለም። አንዷ የእኔም እኮ እንዲሁ ነበር፣ አርባው እስኪወጣ ነው አለቻቸው። ሌላዋ ቡና ቀዳች። በዓመቱ ልጁ እናቱን ወደ እሱ ወሰዳቸው። ለጉልበት ሕመም ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ከዘራውን አወሩ። አስተርጓሚዋ ወጣት ናት። ድምፅ ይሰማታል ብላ ተረጎመችው። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ለጉልበት የገቡት ሴት ለአእምሮ ሐኪም ወረቀት ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ስለ አባቱ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ብቻቸውን ሆነው ሲያያቸው ማታ ላይ ጆሯቸውን ወደ በሩ ይጥላሉ። ጀርመን ያለው ግን ፎቅ ላይ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ኮሪደር ነው።

ቁጥር 19 ለንደን ነርስ ናት። አስተርጓሚዋን አትፍረዱባት ብላ ነው የጀመረችው፤ ከዘራው ይሰማኛል የሚለውን በአንድ ቃል የሚሸከም የሐኪም ቤት ቋንቋ የላትም። ቀጥላ ሁለት የቆዩ ጥናቶች አመጣች። በ1971 ዌልስ ውስጥ ሪስ የሚባል ሐኪም የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸውን 293 ሰዎች አነጋገረ። ግማሽ ያህሉ የሞተውን ሰው አይተውት፣ ሰምተውት ወይም አጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸው ያውቃል። ይህንን አስቀድሞ ለሐኪሙ የተናገረ ግን አንድም አልነበረም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቶኪዮ ላይ ባሎቻቸው የሞቱባቸው 20 ሴቶች ተጠይቀው ነበር። 18ቱ ባላቸው አጠገባቸው እንዳለ ይሰማቸዋል፤ አብጄ ይሆን ብላ የተጨነቀች ግን የለችም። ጃፓን ቤት ውስጥ ለሞተው ሰው መሠዊያ አለ፤ ሩዝ ይቀርብለታል፣ ዕጣን ይጨስለታል፣ ውሎ ይነገረዋል። ዌልሶቹ ሚስቶችና ባሎች ውሏቸውን የሚነግሩበት ጠረጴዛ አልነበራቸውም።

ቁጥር 20 የጅማው ተማሪ ነው፤ ተመልሶ መጣ። የመንፈስ የለም መስመሩን እንደማይሰርዝ፣ ነገር ግን እንደቸኮለ አመነ። ሌላ ነገርም አከለ። ላርማን የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በአእምሮ ሕመም ምክንያት ድምፅ የሚሰሙ ሰዎችን ካሊፎርኒያ፣ ጋና አክራና ህንድ ቼናይ ላይ 20 20 እያደረገች ከባልደረቦቿ ጋር ጠይቃለች። አሜሪካውያኑ ድምፁ እንደሚያስፈራራቸው፣ ስለ ጦርነትና ስለ ደም እንደሚያወራ ተናገሩ። አክራ ላይ ብዙዎቹ እግዚአብሔር ነው አሉ። ቼናይ ላይ ድምፁ የዘመድ ነው፤ ቤት ጥረጊ፣ ሂጂ አብስይ ይላል። ሕመሙ ሦስቱም ጋ ሕመም ነው፤ ይህን ደጋግሞ አስጠንቅቋል፤ ሕክምናም ያስፈልገዋል። የድምፁ ጠባይ ነው የተለያየው። ቁጥር 5 ለዚህ መልስ ልብ ሰጠችው። ልጄ ብላዋለች አሁንም፤ በዚህኛው ልጄ ውስጥ ግን ቁጣ አላየሁበትም።

ቁጥር 21 ዱካክ በሦስት ቀን የሚነቅል አዋቂ አለ ብሎ ስልክ ቁጥር ለጠፈ። ተሰረዘ። ቁጥር 22 ስልኩን ሳልጽፈው ተሰረዘ ብሎ አለቀሰ።

ቁጥር 23 ላኦስ ውስጥ ይኖሩ ስለነበሩት፣ ህሞንግ ስለሚባሉት ሕዝብ ስደተኞች ጻፈ። አሜሪካ የገቡ፣ ምንም ሕመም ያልነበረባቸው ወጣት ወንዶች ከ1977 ጀምሮ በእንቅልፋቸው ሞተው ይገኙ ነበር። በ1981 ብቻ 26 ሰው። ወገኖቻቸው የሚጫነውን መንፈስ ስም ጠሩ፤ አገር ቤት ሥርዓቱን የሚፈጽምልን ሰው ነበረን፣ እዚህ የለንም አሉ። ቁጥር 24 ይህን አንብቦ ዛሬ አልተኛም አለ። ቁጥር 25፣ የለንደኗ ነርስ፣ ቶሎ ደረሰች። ሞቱ ከልብ አመታት መዛባት ጋር እንደተያያዘ፣ ዱካክ ራሱ ሰው እንደማይገድል ነገረችው። በቤተሰቡ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሞተ ወጣት ያለበት ግን ልቡን ይታይ ብላለች።

ቁጥር 26 እኔ ነኝ። የቁጥር 16ን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ የጠየቀችኝ ምን ነበር? ፊቷን አይተኸው እንደሆነ። እኔ ደግሞ አላየሁም ብዬ ዘግቼዋለሁ። ደወልኩላት። ለምን ጠየቅሽኝ አልኳት። ዝም ብላ ቆየች። ብታውቃት ኖሮ ለማንም እንዳትናገር ልነግርህ ነበር አለችኝ። የእኛ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴት እንዲህ ተብላ ከእድር እንደወጣች ያኔ ነው የሰማሁት። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቤቷ ቆሎ እየበላሁ አድጌያለሁ። ድንገት መሄድ ያቆምኩበት ምክንያት ይህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ለሐኪሙም በሁለተኛው ቀጠሮ ነገርኩት። ነጠላ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ በጀርባዬ መተኛቴን፣ ቀን ቀን ድንገት እንቅልፍ ይጥለኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ደህና ሰው ነው። የፈረቃ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ፊቷን አልጠየቀኝም።

ከቁጥር 27 እስከ 29 ስለ ደብዳቤው ነው። አለቃዬ ተቀበለ ወይ? ተቀበለ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ቀን ነኝ።

ቁጥር 30 የገባችው ሪያድ ውስጥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ሰው ቤት ትሠራለች። የምትተኛው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ነው። ክሩን ቀድሞም ስታነብ ቆይታለች፤ ጽፋ አታውቅም። አሁን ገና ለቀቃት። ወንድ ነው፣ ማሽኑ ጋ ነው የቆመው። ለማዳሟ መናገር አትችልም፤ ወይ ታማለች ተብላ ትላካለች፣ ወይ ድግምት ይዛ ገብታለች ይባላል። እናቷን በዚህ ሰዓት ማስደንገጥ አልፈለገችም። ሰው አለ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች። ፊደሉ ተዘባርቋል፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር መሰለኝ።

ቁጥር 31 በሦስት ደቂቃ ውስጥ መጣ። የቶሮንቶው ኢንጂነር ነው፤ ቁጥር 13። ቃለ አጋኖ የለም። መብራቱን እንድታበራ፣ ውሃ እንድትጠጣ፣ ከዚያ በጎኗ እንድትተኛ፣ ከተመለሰባት የእግሯን ጣት ለማንቀሳቀስ እንድትሞክር ጻፈላት። እሱንም ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እንደሚይዘው፣ ለሚስቱ እንኳ ነግሯት እንደማያውቅ ጨመረ።

ቁጥር 32 የባሕር ዳሯ እናት ናት። ለጸሎት ተነስታ ስልኳን አየች። ልጅቷን ስሟን ብቻ፣ የክርስትናዋንም ቢሆን፣ በውስጥ መስመር እንድትልክላት ለመነች። ኢንጂነሩ ያለውንም እንድታደርግ አዘዘቻት።

ቁጥር 33 አጭር ነው። መብራቱን ማብራት አልቻለችም፤ ማዳሟ ትነቃለች። በጎኗ ግን ተኝታለች። ስልኩን ሳትዘጋ ቆየች፤ እኛም ሁለት ሰዓት ያህል ስለ ጣሊያኗ አሮጊት አሸዋ አወራንላት።